ለዳንኤል የተላከው ሙዳይ

ሐረር፣ ጀጎል
ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙባረክ ኢብራሂም፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ልጄ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ሕመም የለብኝም። ሱቁም እንደነበረ ነው፤ ጎረቤቴ እትዬ ሰገነትም እንደነበረች ናት፤ ሽንኩርቷን እየሸጠች የእኔን ደንበኛ ትቆጥራለች።

በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነገሩን በወረቀት ማድረግ መረጥሁ። አባትህም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከጅዳ የሚያወራኝ በወረቀት ነበር።

ወሬው መልካም ነው። እህትህ ፈቲያ ተጠይቃለች። ልጁ ዑስማን ይባላል፤ የአቦከር ሰፈሩ የዑመር ልጅ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ እሺ ያልሁት በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው እሺ ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ ልጁን ወድጄዋለሁ። ግን የኢብራሂም ልጅ ባንድ ቀን ተጠይቃ ባንድ ቀን አትሰጥም።

ኒካሁ ከረመዳን በኋላ፣ በሸዋል ወር ይሆናል። አባታችሁ የለም፤ ስለዚህ ወሊዋ ሆነህ እጇን የምትሰጠው አንተ ነህ። ኢማሙ «መምጣት ካልተመቸው ሌላ ሰው መወከል ይችላል» አለኝ። «ይቻል ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን አይደረግም» አልሁት። ፈቲያም ከወንድሜ በቀር እጄን የሚሰጥ የለም ብላለች። ካየችህ ሰባት ዓመት ሆናት።

ገንዘብ አልጠይቅህም። ጊደር መጋላ ላይ በርበሬና ኮረሪማ ሸጬ ያሳደግኋትን ልጅ ራሴ እድራታለሁ። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንድትመጣ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።
አክስትህ ዘቢባ


በርሚንግሃም
የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ዘቢባ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለፈቲያ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ይድረስ። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይኸው አሁንም ደህና ነኝ አልሁ፣ አይቆጡኝ። የዳቦ ፋብሪካው ሥራ እንዳለ ነው። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ እየደረደርሁ መኪና ላይ እጭናለሁ።

የፈቲያን ነገር ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ የደስታ ነው። እመጣለሁ፤ በዚህ አይጠራጠሩ። ለትኬት ብዬ ያስቀመጥሁት ስድስት መቶ ሃያ ፓውንድ አለኝ። እንዲያውም ከዚያ በላይ ይዤ እመጣለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ባዶ እጄን ገብቼ አላሳፍርዎትም።

ምክንያቱም አንድ አዲስ ንግድ ጀምሬአለሁ። በስልክ የሚሠራ ነው። ሲጀመር የእርስዎ ሱቅ ትዝ አለኝ፤ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ጨምረው የሚመርቁበት። እነዚህ ሰዎችም ከደሞዜ ሁለት መቶ ፓውንድ ባስገባ ሌላ ሁለት መቶ መረቁልኝ። በደጅ ለሚያልፍ ሰው ያን ያህል ምራቂ። መንኮራኩሮች አሉ፤ እነሱ ይዞራሉ፤ ሲገጥምላቸው ገንዘቡ ይጨምራል። በአንድ ሳምንት አራት መቶው ሰባት መቶ ደርሷል።

ዳንኤል የሚባል ሰው ደግሞ አለ፤ እዚያው የሚሠራ። ጠዋት ጠዋት «ወዳጄ ሙባረክ፣ እንዴት አደርህ» ብሎ ይጽፍልኛል። ፋብሪካው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ መሰለኝ፣ ደስ ይለኛል። የፈቲያን ሠርግ ነገርሁትና እንኳን ደስ አለህ አለኝ።

ጸሎትዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ሙባረክ


ሐረር፣ ጀጎል
መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙባረክ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤህ ደርሶኝ ነደባው መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ለፈቲያ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። መንኮራኩር የሚዞርበት ንግድ ከወፍጮ በቀር ሌላ አላውቅምና፣ ከወፍጮ ቤት ድርሻ መግዛትህን ተረድቻለሁ። እዚያ አገር ወፍጮውም በስልክ የሚታይ ከሆነ ጎሽ። አባትህም ወፍጮ መግዛት ሲመኝ ነው የሞተው።

በዚያው ሳምንት የዕድራችን የአፎቻው ሴቶች ተሰብስበው ነበር፤ ለፈቲያ ሠርግ ማን ምን እንደሚይዝ ለመነጋገር። ነገርኋቸው። «የወንድሜ ልጅ እንግሊዝ አገር ባለወፍጮ ሆኗል» አልሁ። መኩራቴን አልደብቅህም፤ ሻሼን አስተካክዬ ነው የተናገርሁት። እትዬ ሰገነት ግን በማግስቱ ሽንኩርቷን እየላጠች «ለማያውቀው ሰው በመቶ ላይ መቶ የሚመርቅ ነጋዴ፣ እሱ ምን ይበላል?» አለችኝ። ቅናት ነው። ሁለት ቀን አላነጋገርኋትም።

አሁን ምክሬን ስማ። አንተ ሐረሬ ነህ። ጎረቤት ምግብ ይዞ ሲመጣ ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃለህ፤ ትንሽ ሳለህ የጎረቤት ሳህን ይዘህ ስትሄድ ምን እንደማስቀምጥበት አይተሃል። ምራቂም እንደዚያው ነው። ከእኔ እፍኝ ምራቂ ወስዶ በሚቀጥለው ቅዳሜ በበሬ አልፎ ከሌላ የሚገዛ ሰው፣ ሰላም ቢለኝም እጄን አልሰጠውም። ያ ሰው ሳያውቅህ አምኖ ሰጥቶሃል። ስጦታውን ይዘህ ዘወር እንዳትል። ደንበኛ ሁነው። «የሐረር ሰው በልቶ ሄደ» መባልን አልፈልግም።

እኛም ዝም አንልም። ጎረቤታችን ሪሃና ወደ ልጇ ለንደን ስለምትሄድ አንድ ሙዳይ በእጇ ልኬያለሁ፤ ለዳንኤል ነው። ክዳኑን ፈቲያ ናት የሰፋችው፣ ገላውን እኔ። ቀዩና ጥቁሩ የቤታችን አሰፋፍ ነው፤ ከሌላ ቤት አይገኝም። ሰላም በልልኝ፤ እናት ካለችው እሷንም።

ኒካሁ ሐምሌ 9 ቀን ተቆርጧል። ትኬትህን የምትቆርጥበትን ቀን ጻፍልኝ።

አክስትህ ዘቢባ


በርሚንግሃም
ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ወዓለይኩም ሰላም። ሙዳዩ ደርሶኛል። እጅግ ያማረ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ለዳንኤል እስካሁን አላደረስሁትም፤ ሰውየው ሥራ ይበዛበታል።

ትኬቱን ገና አልቆረጥሁም። ዋጋው እስኪወርድ እየጠበቅሁ ነው። ገንዘቡ ከንግዱ ጋር ተያይዟል፤ ለማውጣት ገና አልደረሰም አሉኝ፤ ጥቂት ይቀረዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለፈው ዓመት፣ ፈቲያ የምትዳር ቀን ለድንኳንና ለወንበር ይሁን ብዬ የላክሁት ገንዘብ እጅዎ ላይ አለ? ካለ ለአጭር ጊዜ በሪሃና ልጅ በኩል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ብዬ ነው። ካልተመቸ ይተዉት።

ለፈቲያ ሰላምታዬ ይድረስ።
ሙባረክ


ሐረር፣ ጀጎል
ግንቦት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለሙባረክ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይገባል፤ የሰላምና የምሕረት ያድርግልን።

ደብዳቤህ አጭር ነው። በሰባት ዓመት እንዲህ አጭር ጽፈህልኝ አታውቅም። የድንኳኑ ገንዘብ ለድንኳኑ ተከፍሏል። ባይከፈልም፣ ከአንተ ወደ እኔ እንጂ ከእኔ ወደ አንተ የሚሄድ ገንዘብ መጠየቅህ ገርሞኛል። ባለወፍጮ ሰው የድንኳን ብር ምን ያደርግለታል? አልተቆጣሁም፤ እየጠየቅሁህ ነው።

ደግሞ «ገንዘቡ ለማውጣት አልደረሰም» ያልከው አልገባኝም። ማሽላ ነው የሚደርሰው። ሰባት መቶ ሆኗል ካልክ ሰባት መቶ ነው፤ ስጡኝ ብትላቸው መስጠት ነው። ካልሆነማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሙዳዩን ስጠው እባክህ። ሴቶቹ በየሳምንቱ «ዳንኤል ምን አለ? ምን አስቀምጦ መለሰው?» እያሉ ይጠይቁኛል። የትኬቱን ቀን ጻፍ።

ዘቢባ


ሐረር፣ ጀጎል
ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለሙባረክ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳም። ፈቲያ ለሠርጓ ከሚሰፋላት ቀሚስ ይልቅ የአንተን ስልክ ስትጠብቅ ትውላለች። ኢማሙ ትናንት «ሌላ ሰው እንወክል?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ፤ በርበሬዬን መስፈር ቀጠልሁ። ታመህ ከሆነ ታምሜአለሁ በል። አለመምጣትህም ከሆነ ከአንተ አፍ ልስማው።

ዘቢባ


በርሚንግሃም
ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ ላሳደጉኝ አክስቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ ድሬዳዋ በሚበር ሰው እጅ ሰጥቻለሁ፤ ከሐምሌ 9 በፊት እንዲደርስዎት ነው። አልታመምሁም። ትኬት ግን የለኝም። ገንዘቡም የለም።

ሥራው ወፍጮ አይደለም። ቁማር ነው። በስልክ የሚቆመር ቤት ነው፤ መንኮራኩሮቹ የሥዕል መንኮራኩሮች ናቸው። እርስዎ ወፍጮ ሲሉ ላርምዎት ይገባኝ ነበር። ለሴቶቹ እንደነገሩ ሳነብ ግን እርማቱን ለሌላ ደብዳቤ አሳደርሁት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ያ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ፣ ገንዘቡ ገና ሰባት መቶ ላይ ሳለ፣ ለማውጣት ጠይቄ ነበር። ዳንኤል «ምራቂውን ከተውክ ያስገባሃትን ሁለት መቶ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሁሉንም ከፈለግህ ግን መጫወት ይቀርሃል» ብሎ ጻፈልኝ። የዚያን ቀን ብሄድ ኖሮ የማጣው ነገር አልነበረም። ግን የእርስዎ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስጦታውን ይዘህ ዘወር አትበል፣ ደንበኛ ሁነው የሚለው። ሰውየው አምኖ ሰጥቶኝ በሩን ዘግቼበት መሄድ ነውር መሰለኝ። በእርስዎ ላይ ላላክክ አይደለም፤ ደብዳቤውን የፈለግሁት ለመቆየት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ሆንሁ።

ሰባት መቶው በዐሥር ቀን አለቀ። ከዚያ የትኬቱን ስድስት መቶ ሃያ አስገባሁ። ያኔም «ስለ ታማኝነትህ» ብለው መረቁልኝ። ያም አለቀ። የድንኳኑን ገንዘብ የጠየቅሁዎት በዚያ ሳምንት ነው።

ያነቃኝ ሙዳዩ ነው። ዕለት ዕለት መስኮቱ አጠገብ አየዋለሁ። በመጨረሻ ለዳንኤል «አክስቴ በእጇ የሰፋችው ሙዳይ ልካልሃለች፤ የት ላምጣልህ?» ብዬ ጻፍሁለት። ወዲያው መለሰ፤ «እንዴት ደስ ይላል ወዳጄ ሙባረክ፤ ለአንተም ሃያ ነጻ ዙር ሰጥተንሃል።» ሙዳዩን የት ላምጣው ብዬ ደገምሁ። «ዛሬ በምን ልርዳዎት? ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ። የእህቴን ሠርግ የነገርሁህ አይደለህም ወይ ብዬ ብጠይቀው «እኔ ዳንኤል ነኝ፣ በምን ልርዳዎት» አለ። አክስቴ፣ ዳንኤል የሚባል ሰው የለም። ዳንኤል ተረኛው የሚጽፍበት ስም ነው። ያ ሁሉ ጠዋት «እንዴት አደርህ» ያለኝ ማን እንደሆነ አላውቅም።

አድራሻቸውን ፍለጋ ደንቡን ከፍቼ አነበብሁት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልከፈትሁት። አድራሻው አንድ ደሴት ላይ ያለ የፖስታ ሣጥን ነው። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ይላል። ሁለት መቶ ስታስገባ ሁለት መቶ እንጨምርልሃለን፤ ነገር ግን ከትርፉ አንዲት ሳንቲም ከማውጣትህ በፊት የአራት መቶውን አርባ እጥፍ መቆመር አለብህ። ያ ዐሥራ ስድስት ሺህ ፓውንድ ነው። ያንኑ ገንዘብ እያዞርህ፣ እያዞርህ፣ በዘጠና ቀን ውስጥ። መንኮራኩሩ ደግሞ ከሚገባበት መቶ በአማካይ አራቱን ለቤቱ ያስቀራል። የዐሥራ ስድስት ሺህ ከመቶ አራት ስንት እንደሆነ የፋብሪካው ካርቶን ላይ አሰላሁት፤ ስድስት መቶ አርባ ነው። በእጄ ያለው ጠቅላላ አራት መቶ፣ መንገዱ የሚበላው ስድስት መቶ አርባ። አልፎ አልፎ ሰው ይቀናው ይሆናል፤ ሒሳቡ የተሠራው ግን ብዙው ሰው ሳይደርስ እንዲያልቅበት ነው። የሁለት መቶው ስጦታ ዋጋ ይኸው ነበር። እትዬ ሰገነት «ምን ይበላል?» ላሉት መልሱ፣ የሚበላው እኔን ነው።

እርስዎ ሲመርቁ ሰውየው ምራቂውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። የእነዚህ ምራቂ ከረጢቱን ቋጥሮ ያስቀረዋል።

ኢማሙ ያሉትን ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ይወክሉ። ለፈቲያ እኔ ራሴ እደውልላታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሙባረክ


ሐረር፣ ጀጎል
ሰኔ 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለሙባረክ ኢብራሂም፤

አሰላሙ ዓለይኩም።

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ አነበብሁት። ከዚያ ሱቁን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። በገበያ ቀን ቆልፌ አላውቅም፤ እትዬ ሰገነት ሰው ሞቶብኝ መስሏት ተከትላኝ መጣች።

ተቆጥቻለሁ። ሐራምነቱን አንተና አላህ ተነጋገሩበት፤ እሱ መሓሪ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ወፍጮው ነው። ሻሼን አስተካክዬ ስኮራብህ አንተ እዚያ ሆነህ ዝም አልክ። በልጅነትህ ስኳር ሰርቀህ እንኳ ስጠይቅህ ታምን ነበር። ሦስት ቀን ስምህን አልጠራሁም፤ ፈቲያ ስትጠራህም ከክፍሉ እወጣ ነበር።

ከዚያ የእኔን ደብዳቤ አሰብሁት። ሳህን ባዶ አይመለስም ብዬ መክሬሃለሁ። ምክሩ ለጎረቤት ነው ልጄ። ጎረቤት በር አለው፤ በሩን አንኳኩተህ ሳህኑን ትሰጠዋለህ፤ ቢታመም ትጠይቀዋለህ፤ ቢሞት ትቀብረዋለህ። ይኼኛው በር የለውም። የእኔ ጥፋት ለማን እንደምትመልስ ሳልጠይቅህ መልስ ማለቴ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ አንተ ዶሮዋ ብትሆን መጫኛውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ይህን የምልህ እንዲቀልልህ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

እትዬ ሰገነትን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «ምንም አይደል፣ ሽንኩርት ሻጭ ምን ያውቃል» ብላ ስቃ አሳለፈችው፤ ደስ ያላት ግን ያስታውቃል። ለአፎቻ ሴቶችም ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ ራሴ ነገርኋቸው። «ወፍጮ አይደለም፣ ቁማር ነው፤ ተበልቷል፤ ተበላሁ ብሎ የጻፈልኝም እሱ ራሱ ነው» አልሁ። ከዚያ አንዷ ልጇ በኳስ ጨዋታ ብር የሚያስይዝበትን ቤት አነሳች፤ ሌላዋ ባሏን አነሳች። ለካ በየቤቱ ነበር። የምሳው ሰዓት እስኪያልፍ አወራን።

አሁን የፈቲያን ቃል ልንገርህ። ወርቄን ሸጬ ትኬት ልግዛለት ብዬ ሣጥኔን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ሣጥኑን መልሳ ዘጋችው። «ወንድሜ በሴት ወርቅ ተገዝቶ አይመጣም። በላቡ ይምጣ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለች። «ድንኳኑስ? ሰዉስ?» አልኋት። «ድንኳን እጅ አይሰጥም» አለችኝ። ዑስማን ሲሰማ «ከመውሊድ በኋላ ይሁን» አለ። አባቱ ዑመር አጉረመረመ፤ ለወጥ የሚሆን በሬ አስሮ ነበር። ዑስማን ግን «አባቴ፣ በሬው ይጠብቃል፤ ወሊዋ ሙባረክ ነው» አለው። ይህን ልጅ በመጀመሪያው ሽማግሌ እሺ ማለት ነበረብኝ።

ስለዚህ ሰው አልወክልም። ኒካሁ ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። እስከዚያ አምስት ወር አለህ።

ሙዳዩን ለማንም እንዳትሰጥ።

አክስትህ ዘቢባ


በርሚንግሃም
ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ ለምኮራብዎት አክስቴ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ለፈቲያ፣ ለዑስማን፣ ለአባቱም ይድረስ። በሬውስ እንዴት ነው?

ብዙ ጊዜ ዝም ማለቴ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎት። የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ነው የጠበቅሁት። ከዚያ ቤት ራሴን በደብዳቤ አስዘግቻለሁ፤ ብፈልግም አያስገቡኝም። በነሐሴ ሌላ ቤት ከየት ስሜን እንዳገኘ እንጃ፣ «ሦስት መቶ በነጻ» ብሎ ጻፈልኝ። ይህኛው ማርክ ነው የሚባለው። «ወዳጄ ሙባረክ» ብሎ ሲጀምር ሆዴ ባባ፤ አልዋሽዎትም። ደንቡን ብቻ ከፍቼ አርባ እጥፉን ፈለግሁት። እዚያ ሃምሳ ነው። ዘጋሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜም ሥራ ወስጃለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ሀብተወልድ የሚባል የጎንደር ሰው አለ፤ አብረን እንጭናለን። አንድ ቀን «ለምን ቅዳሜን እንዲህ ትታገለዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝና ሁሉንም ነገርሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱ ነው «ሙባረክ እንዴት አደርህ» የሚለኝ። ሰውየው በእርግጥ አለ፤ ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ እስኪመጣ አብረን እንቆማለን።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ፣ ያለ ምንም ምራቂ። ታኅሣሥ 1 ቀን ድሬዳዋ እገባለሁ ኢንሻአላህ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ በየሰዓቱ አወጣውና አየዋለሁ።

የጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙዳዩ ባዶ ነው። የሚያስቀምጥበት ሰው አልተገኘም። ቸኮሌት ልሞላበት ሱቅ ገብቼ ነበር፤ ሳይሰጥ የተሰጠ ማስመሰል ሆኖ ስለታየኝ ተመልሼ ወጣሁ። እጄም እንደ አሰብሁት ሙሉ አይደለም፤ ትኬቱ ወስዶታል። ምን ላድርግበት? እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ልጅዎ ሙባረክ


ሐረር፣ ጀጎል
ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙባረክ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ ከአንተ መነሣት ቀድሞ ይደርስ እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ ከደረሰ እንደጻፍሁልህ አድርግ።

እኛ ደህና ነን። ቤቱ ቀለም ተቀብቷል። ፈቲያ ወፍራለች፤ ቀሚሷ እንደገና እየተሰፋ ነው፤ ይህን እንዳነበብህ አትንገራት። በሬውም ወፍሯል፤ ዑመር አሁን መዘግየቱን አስቀድሞ ያሰበው እሱ እንደሆነ ያወራል። እትዬ ሰገነት ለሠርጉ ሽንኩርቱን በሙሉ እኔ ነኝ የማቀርበው ብላለች። በዋጋ ልከፍላት ብል ተቆጣችኝ።

ትኬቱን በቅዳሜ ሥራ መግዛትህን ለሴቶቹ ነገርኋቸው። ሻሼንም አስተካከልሁ። ወፍጮ ጊዜ እንዳስተካከልሁት ሳይሆን፣ ከዚያ ቀጥ አድርጌ።

የሙዳዩን ነገር ግን አትጨነቅበት። ቸኮሌት አልፈልግም፤ ሻንጣ ውስጥም እንዳትከተው፣ ይጨፈለቃል። ክዳኑን ገጥመህ በእጅህ ይዘኸው ከአውሮፕላኑ ውረድ። ድሬዳዋ እኔም ፈቲያም ዑስማንም እንቆማለን። ከዚያ በመኪና ሐረር ደርሰን፣ ከፈረስ መጋላ ጀምሮ በእግራችን ወደ ቤት እንገባለን፤ ጉልበቴን ተወው፣ የዚያን ቀን አያጉረመርምም። ሰው ሁሉ ሙዳዩን ያያል።

ትናንት ሴቶቹ እንደገና ጠየቁኝ። «ያ ዳንኤል ያልሽው ሰው፣ በመጨረሻ ሙዳይሽን ምን አስቀምጦበት መለሰልሽ?» አሉኝ።

«ልጄን» አልኋቸው።

አክስትህ ዘቢባ